የብዙ ሳምንት የአገር ጉብኝት እንዴት ይታቀዳል?

አገርን ተዘዋውሮ መጎብኘት ከመጻሕፍት የማይገኝ ዕውቀት ይሰጣል ሲባል ሁላችንም እንሰማለን። ዳሩ ግን ጉብኝት ተነሥቶ በመሄድ ብቻ አይፈጸምም። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ በኢትዮጵያ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ለመቆየት ቢያስብ፥ በየትኛው ወር እንደሚመጣ፥ ከየት ጀምሮ የት እንደሚጨርስ፥ በየስፍራውም ስንት ሌሊት እንደሚያድር አስቀድሞ የሚያወጣና የሚያወርድ ሰው ያስፈልገዋል። ይህም ሥራ ጂኦግራፊን፥ ታሪክን፥ ሒሳብንና የሰውን ጠባይ ማወቅ የሚጠይቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ይህን አርእስት የመረጥሁበት ምክንያት ግን ሌላም አለ። ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ የሚመጡ ጎብኚዎች ለብዙ ዘመን ሲከተሉት የኖሩት መንገድ ባሕር ዳርን፥ ጎንደርን፥ አክሱምንና ላሊበላን የሚያገናኘው ነው። ካርታ ዘርግቶ ለተመለከተ ሰው ሰቆጣ የምትገኘው በላሊበላና በአክሱም መካከል ነው፤ ነገር ግን አውሮፕላኑ ከላይ ያልፋታል፥ መኪናውም በዳር ይዞራታል። ይህ የሆነው የሚታይ ነገር ጠፍቶ አይደለም፤ በአቃጆች ወረቀት ላይ ለዋግ የተመደበ ቀን ስላልነበረ ነው። እንግዲህ የጉብኝት ዕቅድ የሚሠራው በቀኖች ቍጥር መሆኑን፥ ቀን ያልተሰጠው ቦታም ምንም ያህል ቢያምር ሳይጎበኝ እንደሚቀር ከዚህ ቀጥሎ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ከሲራራ ነጋዴዎች የምንማረው

የብዙ ሳምንት ጉዞ ማቀድ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በአፋር ቆላ የሚቈረጠው አሞሌ ጨው እየተጫነ ወደ ደጋው ሲወጣ፥ ሰቆጣ በ19ኛው ምዕት ዓመት ስማቸው ከታወቀ የጨው ገበያዎች አንዷ ነበረች። አሞሌ በዚያ ዘመን ወጥ ከማጣፈጥ አልፎ እንደ ገንዘብ ሆኖ ዕቃ ይገዛ ነበር።

ሲራራ ነጋዴው ከመነሣቱ በፊት የሚጠይቀው ነገር ብዙ ነው። ወንዙ ጎድሏል ወይ? ለአጋሰሱ ውኃና ግጦሽ የት የት ይገኛል? ኬላው ስንት ያስከፍላል? የምደርስበት ገበያ በየትኛው ቀን ይውላል? መንገዱስ ሰላም ነው ወይ? ተከዜ በክረምት ሲሞላ ጉዞው ይቋረጣል፤ መስከረም ጠብቶ ውኃው ሲጎድል እንደ ገና ይጀመራል። የዛሬው አቃጅ በአጋሰስ ፈንታ መኪና፥ በግጦሽ ፈንታ ነዳጅ፥ በኬላ ፈንታ የመግቢያ ዋጋ ይበል እንጂ ጥያቄዎቹ እነዚያው ናቸው። እኛም በዚሁ ሥርዓት አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

1ኛ/ ወቅት

አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የአገራችንን የቱሪዝም ሥራ ሲያደራጁ ኢትዮጵያን «የ13 ወር ጸጋ» ብለው ለዓለም አስተዋወቁ። ይህ አባባል ጳጉሜንን አስታውሶ የዘመን አቈጣጠራችንን የሚናገር ብልህ ማስታወቂያ ነው። ይሁን እንጂ አቃጅ የሆነ ሰው ዝናሙንም መቍጠር አለበት።

በሰሜኑ ደጋ ዋናው ዝናም ከሰኔ እስከ መስከረም መግቢያ ሲሆን የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በደቡብ በኩል ግን፥ ማለት በኮንሶ፥ በደቡብ ኦሞና በቦረና፥ ዋናው ዝናም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንማል፤ ሁለተኛውና አነስተኛው ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር ይመጣል። ስለዚህ በጥቅምት ወር የመጣ እንግዳ ሰሜኑን ቢያስቀድምና ደቡቡን ወደ ኋላ ቢያደርግ ይሻለዋል። የአፋር በረሓ የሚቻለው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ቀዝቀዝ ባለ ጊዜ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ በአንጻሩ ክረምቱ እንዳለቀ ሞልቶ ይታያል፤ በበጋ ግን ውኃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚከፈል ይሳሳል። አንዱ ወር ለሁሉም ቦታ አይመችምና አቃጁ የቱን አስቀድሞ የቱን እንደሚያስከትል መምረጥ ግዴታው ነው።

ከዝናሙ ቀጥሎ የሚቈጠሩት በዓላትና ገበያዎች ናቸው። መስከረም 17 ቀን የመስቀል በዓል፥ ኅዳር 21 ቀን በአክሱም የጽዮን በዓል፥ ታኅሣሥ 29 ቀን ገና፥ ጥር 11 ቀን ጥምቀት ነው። የባቲ ገበያ ሰኞ፥ የላሊበላ ቅዳሜ፥ በደቡብ ኦሞ የቀይ አፈር ገበያ ሐሙስ ይውላል። እነዚህ ቀኖች እንደ ቤት ምሰሶ ናቸው፤ መጀመሪያ እነርሱ ይተከላሉ፥ ሌላው ግድግዳ በመካከላቸው ይሠራል። የገና ዕለት በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ቀን እንደሚውልም መዘንጋት አይገባም።

በዚህ ላይ የሰዓት አቈጣጠር አለ። እንግዳውን «ጠዋት በ2 ሰዓት እንነሣለን» ብንለው፥ በእርሱ አቈጣጠር 2 ሰዓት በእኛ 8 ሰዓት ስለ ሆነ ግራ ይጋባል። ስለዚህ በዕቅዱ ወረቀት ላይ ቀኑም ሰዓቱም በሁለቱ አቈጣጠር ጎን ለጎን ይጻፍ።

2ኛ/ ከፍታ

በአገራችን መሬት ከፍና ዝቅ የሚለው በጣም በሰፊ ልዩነት ነው። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር ይበልጣል፤ ራስ ዳሸን ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,500 ሜትር ያልፋል። በባሌ የሚገኘው የሳነቴ አምባ ወደ 4,000 ሜትር ይጠጋል። በባሕር ዳርቻ ያደገ ሰው በአንድ ቀን ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ቢያድር ራሱን ያመዋል፥ ትንፋሽም ያጥረዋል። ይህ እንዳይሆን የማደሪያው ከፍታ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል፤ አስቀድሞ በባሕር ዳርና በጎንደር ሰንብቶ ከዚያ ወደ ስሜን ተራሮች መውጣት ለሰውነት ይስማማል።

በእኛም አውራጃ ይኸው ልዩነት አለ። የሰቆጣ ከተማ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለ ሆነች ሌሊቷ ይቀዘቅዛል፤ ወደ ዝቋላና ወደ አበርገሌ፥ ወደ ተከዜ ሸለቆ የወረደ ሰው ግን ሙቀቱን ይቀምሳል። ስለዚህ እንግዳው ጋቢና ስስ ልብስ በአንድ ሻንጣ መያዝ ይኖርበታል። ወደ ቆላ በሚወርድበት ጊዜ የወባን ነገር ከሐኪም ጋር መመካከርና አጎበር መያዝ ያሻዋል።

3ኛ/ መንገድና ቀን

ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ የሚለካ ለሚመስለው ሰው የኢትዮጵያ ተራራ ብዙ ያስተምረዋል። ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር ወደ 560 ኪሎ ሜትር ነው፤ ነገር ግን ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሓ መውረድና እስከ ደጀን መልሶ መውጣት ስላለ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር ወደ 180 ኪሎ ሜትር ያለው ግን በግማሽ ቀን ይደረሳል። አቃጁ መጻፍ ያለበት ሰዓቱን ነው፤ ሰዓቱም በበጋና በክረምት ተለይቶ መጻፍ አለበት።

እስቲ አሁን አንድ የሒሳብ ምሳሌ እንሥራ። አንድ ጎብኚ 21 ቀን አለው እንበል። የመድረሻና የመመለሻ ቀን 2 ሲቀነስ 19 ይቀራል። በየሳምንቱ 1 ቀን ለዕረፍትና ላልታሰበ ችግር ቢተውለት 3 ይቀነሳልና 16 ይሆናል። እንግዲህ 12 ቦታ ልይ ቢል፥ ከቦታ ወደ ቦታ ለመሄድ ብቻ 12 ቀን ያልቃል፤ ለ12ቱ ቦታ የሚቀረው 4 ቀን ነው፤ አንዱ ቦታ የቀን ሢሶ ብቻ ይደርሰዋል ማለት ነው። 8 ቦታ ቢመርጥ ለመንገድ 8፥ ለማየት 8 ቀን ይሆናል። 5 ቦታ ቢመርጥ ግን ለመንገድ 5፥ ለማየት 11 ቀን አለው፤ ለእያንዳንዱም ሁለት ቀን ሰጥቶ አንድ ይተርፈዋል። ብዙ ቦታ የጻፈ ዕቅድ በወረቀት ላይ ያማረ ሆኖ ሳለ፥ ጎብኚው ወደ አገሩ ሲመለስ የሚያስታውሰው የመኪናውን መስኮት ነው።

4ኛ/ አስጎብኚና ባለ አገር

መንገድ መሪ የሆነ ሰው ቋንቋ ማስተርጎም ብቻ አይበቃውም። በቤተ ክርስቲያን ጫማ እንደሚወለቅ፥ ሥዕልና መጽሐፍ ፎቶግራፍ ለማንሣት ካህናቱ መፍቀድ እንዳለባቸው፥ ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም ሴቶች እንደማይገቡ እንግዳው በቦታው ደርሶ ሳይሆን አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ረቡዕና ዓርብ በብዙ ስፍራ የጾም ምግብ ብቻ እንደሚገኝ፥ በረመዳን ወር በሐረር ቀኑ ጸጥ ብሎ ማታው እንደሚደምቅ ቢያውቅ አይከፋም። የመግቢያው፥ የበቅሎውና የአስጎብኚው ዋጋ አስቀድሞ ከተነገረ በመንገድ ላይ ክርክር አይነሣም።

ደግሞም አንድ ሰው አገሩን ሁሉ ሊያውቅ አይችልም። በሐረር የጀጎልን ደጆች የሚያውቅ፥ በኮንሶ የእርከኑን ሥራ የሚያስረዳ፥ በዋግ ኽምጣና የሚናገር ባለ አገር በየቦታው ያስፈልጋል። ኽምጣና ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነውና የዋግን አባቶች ታሪክ ከአፋቸው ለመስማት ለሚሻ ሰው ቍልፍ ነው።

የአንድ ወር ዕቅድ ምሳሌ

ከዚህ በላይ የተነገረውን በአንድ ምሳሌ እናጠቃልለው። ከገና እስከ ጥምቀት 12 ቀን አለ። ብዙዎች ጎብኚዎች ገናን በላሊበላ፥ ጥምቀትን በጎንደር ማክበር ይወዳሉ። በመካከል ያሉት ቀኖች በበጋ የሚውሉ፥ መንገዱ የደረቀባቸው፥ ሰማዩ የጠራባቸው ናቸው። ለዋግ የሚሆነው ቀን ያለው እዚህ ላይ ነው።

ታኅሣሥ 26 አዲስ አበባ መግባት፤ በ27 ድንቅነሽ የምትገኝበትን ብሔራዊ ሙዚየም ማየት፤ በ28 በአውሮፕላን ወደ ላሊበላ ሄዶ ሌሊቱን ከምእመናን ጋር ማደር፤ በ29 ገናን ማክበር፤ በ30 ከአለት የተፈለፈሉትን 11 አብያተ ክርስቲያናት በዝግታ መመልከት። ለገና በላሊበላ ማደሪያ በጣም ስለሚጣበብ ክፍሉ ብዙ ወር ቀደም ብሎ መያዝ አለበት።

ጥር 1 ቀን በቢልባላ መንገድ ወጥቶ በዋሻ ውስጥ የተሠራውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ማየት፤ በ2 ሰቆጣ መግባት፤ በ3 ከከተማው ብዙ ሳይርቅ ከአለት ወደ ተፈለፈለው ወደ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ መሄድ። በዚያ የዋግሹሞች አስከሬን ያረፈበትን ሣጥን የሚያይ ሰው፥ በላሊበላ ያየውን የዛጔን ዘመን ታሪክ ከአገው ምድር ጋር ያገናኘዋል። ዋግሹሞች ዘራቸውን ከዛጔ ነገሥታት ይቈጥሩ ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። ጥር 4 ቀን ወደ ተከዜ ሸለቆ ወረድ ብሎ የዋግን ማርና የአበርገሌን ፍየል፥ የአርሶ አደሩንም ኑሮ ማየት፤ በ5 ወደ ላሊበላ መመለስ።

ጥር 6 በጋሸናና በደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር፤ በ7 በጀልባ ወደ ዘጌ ገዳማት፤ በ8 ዕረፍት፤ በ9 ወደ ጎንደር፤ በ10 ከተራ፥ በ11 ጥምቀት በዐፄ ፋሲል መዋኛ፤ በ12 የፋሲል ግቢና ደብረ ብርሃን ሥላሴ፤ በ13 እና በ14 ጭላዳና ዋልያ ወዳለበት ወደ ስሜን ተራሮች፤ በ15 መመለስ፤ በ16 በአውሮፕላን አዲስ አበባ። እስከዚህ ድረስ ሲቈጠር ልክ 21 ቀን ነው። ሦስት ሳምንት ብቻ ያለው ሰው እዚህ ላይ ይመለሳል።

ወር የሚቈይ ከሆነ ጥር 17 ቀን አርፎ በ18 ወደ አርባ ምንጭ ይሄዳል፤ በ19 የጫሞን ሐይቅ አዞና የዶርዜን ሸማኔዎች፥ በ20 እና በ21 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የኮንሶን እርከን፥ በ22 እና በ23 ጂንካንና በአካባቢው ያሉትን ሕዝቦች አይቶ በ24 ይመለሳል፤ በ25 ይሰናበታል። በጥር ወር ደቡቡም ደረቅ ነውና የወቅቱ ሒሳብ ይገጥማል። ሐረርንና ባሌን ግን በዚህ ውስጥ መጨመር አይገባም፤ ለሌላ ዓመት ጉብኝት ይቈዩ።

ስለ ሻደይ

አንድ ነገር ግን በዚህ ዕቅድ አይታይም። የዋግ ልጃገረዶች ረጅሙን የሻደይ ቅጠል በወገባቸው አስረው የሚጫወቱት ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ፥ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ነው። ይኸው በዓል በላስታ አሸንድዬ፥ በራያ ቆቦ ሶለል፥ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። ጊዜው ክረምት ስለ ሆነ መንገዱ ይጨቀያል፤ የውጭ አገር ጎብኚም በዚያን ወራት አይበዛም። ስለዚህ ሻደይን ለማየት ለብቻው የሚሆን የአንድ ሳምንት ዕቅድ ያስፈልጋል፤ በሄደበትም በተመለሰበትም በኩል አንድ አንድ ትርፍ ቀን ይኑረው። ለዚህ የሚስማሙት ይልቁንም በውጭ አገር የሚኖሩና ለክረምት ዕረፍት ወደ አገራቸው የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን ናቸው።

ስለ ሰላምና ስለ እኛ ድርሻ

ሲራራ ነጋዴው መጨረሻ ላይ የሚጠይቀው ጥያቄ በዘመናችን መጀመሪያ የሚጠየቅ ሆኗል። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. የተጀመረውና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት የቆመው ጦርነት ዋግ ኽምራንም ጎድቷል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተነሣው ግጭትም መንገደኛውን አስቀርቷል። ሰላሙ ያልተረጋገጠ መንገድ በዕቅድ ውስጥ አይገባም፤ እንግዳን በአደራ የተቀበለ ሰው ይህን ካልጠየቀ አስጎብኚ ሊባል አይችልም። ነገር ግን ዕቅድ የሚዘጋጀው መንገደኛ በሌለበት ጊዜ ነው፤ መንገደኛው ከመጣ በኋላ የሚዘጋጅ ዕቅድ ዘግይቷል።

የዋግ ስም በሩቅ አገር የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከድርቅና ከረኃብ ጋር ነው። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የገባው ቃል ኪዳን እንኳ የሰቆጣን ስም የያዘው ችግሩ እዚህ ስለ ከበደ ነው። ይህ እውነት አይካድም፤ ግን እውነቱ ሁሉ ይህ ብቻ አይደለም። በመካከላችን ሦስት ሌሊት ያደረ እንግዳ ሌላውንም ያውቃል፤ ለማደሪያው፥ ለበቅሎውና ለማሩ የከፈለውም ገንዘብ በዚሁ ይቀራል።

ስለዚህ ለእኛ ለተማሪዎች የሚሆን ሥራ እነሆ፤

ሀ/ ከሰቆጣ ወደ እያንዳንዱ ወረዳ ያለውን መንገድ በበጋና በክረምት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ መዝግቦ መያዝ፤
ለ/ የየወረዳውን የገበያ ቀንና የንግሥ በዓል በአንድ ሠንጠረዥ መጻፍ፤
ሐ/ ስለ ዋግሹሞችና ስለ ጨው ንግድ ከሽማግሌዎች ጠይቆ፥ ፈቃዳቸው ሲሆን ቃላቸውን ማስቀረት፤
መ/ በከተማው ያለውን ንጹሕ አልጋ፥ ውኃና ምግብ ቤት ሳያጋንኑ መቍጠር፤
ሠ/ ኽምጣናን ሳይተዉ አንድ የውጭ አገር ቋንቋ አጥርቶ መማር።

ይህ መዝገብ ቢዘጋጅ አዲስ አበባ ተቀምጦ ዕቅድ የሚሠራ ሰው ለዋግ ቀን ለመመደብ የሚቸግረው ነገር አይኖርም። ቀን የሚነፈገው ያልታወቀ ነውና። አባቶቻችን «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይላሉ፤ ወላጆቻችን የሚያውቁትን እንዲነግሩን፥ መምህራኖቻችንም እንዲያርሙን እየለመንን መዝገቡን በዚህ ዓመት እንጀምር።